ለሐያት የደረሰው የአደን ዕቃ

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቦት ጫማውን ሊያለሰልስ ክብ ቆርቆሮ ከፈተ። የቆዳ ቅባት ነው፤ ሞራና ሰም የተደባለቀበት የሚመስል ቢጫ ነገር። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የያዝኩትን ሹካ አስቀመጥኩ፤ ፊቴም ሳይታወቀኝ ተጨማደደ። ልጁ ደንግጦ "ረበሸሽ እንዴ? ልዝጋው?" አለኝ። "የለም፣ ክፍት ይሁን" አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ ለኔ ሐያት ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኮሮና ላስ ቬጋስን በዘጋበት ዓመት፣ ከሙቀቱ መግቢያ እስከ መውጫው ሆዴን ሲበላኝ የከረመው ቅናት ልክ እንደዚያ ነው የሚሸተው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ ከአጥሩ ጀርባ ደረቅ የጎርፍ መሄጃ ያለበት ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ አህመድ አንድ ትልቅ ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ ሻንጣ ተቀባይ ነው። እናቴ ሰአዳ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ካዚኖዎቹ መብራታቸውን አጥፍተው ሲዘጉ አባቴ ቤት ቀረ፤ የእናቴ መጋዘን ግን ጭራሽ ኦቨርታይም ጨመረ። ትልልቆቹ "ሁሉም ሰው እኮ ነው ሥራ ያቆመው" ይሉኛል። እናቴ በየማለዳው ስትወጣ እያየሁ እንዴት ልመን? በልቤ አባቴ የሰው ሻንጣ ጠፍቶበት የተቀጣ ይመስለኝ ነበር። እንዳይከፋው ብዬ አልጠየቅኩትም።

ሌላም የመሰለኝ ነገር አለ። ሱቅ ሄደን የሩዙና የዶሮው መደርደሪያ ባዶውን ቀርቶ ሳይ፣ ከእንግዲህ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ እያደነ ነው የሚበላው አልኩ። አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የምሬን ነበር። ማን ያድንልናል? እናቴ ጊዜ የላት፣ አባቴ ከወንበሩ አይነሳ።

አባቴ የጋራዡን በር ከፍቶ ታጣፊ ወንበር ላይ ይውላል። ጢሙን መላጨት ትቷል። ስልኩን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ ደግሞ ስልኩን ያያል። አንድ ጠዋት ግን ከጎርፍ መሄጃው በኩል የወፍ መንጋ ተከታትሎ መንገድ ሊሻገር ወጣ። ክብ ክብ ያሉ፣ አመድማ፣ ግንባራቸው ላይ ወደፊት ደፋ ብላ የምትንቀጠቀጥ ጥቁር ላባ ያለቻቸው። አባቴ ብድግ አለ።

"ቆቅ! ዘሃራ፣ ነይ ቶሎ! ቆቅ እኮ ናት! የኛ ቆቅ አሜሪካ ምን ትሠራለች?"

"በዲቪ መጥታ ነዋ" አልኩት።

ሳቀ። ካዚኖው ከተዘጋ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ከዚያ ሁለት እጁን አፉ ላይ ገጥሞ ጉሮሮውን እያንቀጠቀጠ ጮኸ። ወፎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። አንዷ መለሰችለት። ወላሂ መለሰችለት! ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሲያድግ፣ ከአጎቱ ጋር በፈረስ ጭራ በተገመደ ወጥመድ ቆቅ ይይዝ እንደነበር እየነገረኝ መንገዱ ላይ ቆምን።

"እኔና አንቺም ሜዳ ወጥተን እናድናለን" አለኝ።

"መቼ?"

"ሙቀቱ ይብረድና። ኢንሻአላህ።"

እኔና አንቺ ነው ያለው። ሌላ ሰው አልጠራም። ያንን ቃል ይዤ ነው እንግዲህ የከረምኩት።

የአባቴን ጩኸት የሰማ ሌላም ሰው ነበር። ከኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት ሚስተር ዴል ረጅም፣ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ናቸው፤ ዓይኑ የፈዘዘ አሮጌ ውሻ አላቸው። ከበራቸው ወጥተው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ አቆሙልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ከመንገዱ ወዲያ፣ አባቴ ከመንገዱ ወዲህ፣ በጭምብል ስለ ቆቅ ያወራሉ። ሚስተር ዴል ከአዳኝ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ያገለገለ የአደን ልብስና ዕቃ እየሰበሰቡ፣ መግዛት ለማይችሉ ልጆች ይሰጣሉ። ልጆቹን ሜዳ አውጥተው ያስተምራሉም። ጠመንጃውን ግን በዕለቱ እሳቸው አምጥተው፣ ሲያበቃ መልሰው ይወስዱታል።

እና አንድ ከሰዓት ፒካፓቸውን በራችን ላይ ፓርክ አደረጉ። የኋላውን በር ወደታች ሲከፍቱት ያ ሽታ ወጣ። ቡናማ ቦት ጫማ፣ ቅባቱን ጠጥቶ የሚያብለጨልጭ። ጀርባው ላይ የወፍ ኪስ ያለው ብርቱካንማ ሰደርያ። ጥቁር ባይናኩላር፣ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር። ባርኔጣ። ሁሉም የልጅ ልክ ነው።

"ይሄ አቅም ለሌላቸው ልጆች የሰበሰብነው ነው" አሉኝ። "አባትሽ አደን ትወዳለች ብሎኛል። ትፈልጊዋለሽ?"

አባቴን አየሁት። አቅም ለሌላቸው የምትለዋን ሲሰማ ዓይኑን ነጠላ ጫማው ላይ ጣለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ ቤት ሰው የሰጠሽን ነገር ዘለሽ መቀበል ነውር ነው። መጀመሪያ "ኧረ ይቅር" ትያለሽ። ሰጪው "ኧረ በአላህ!" ይላል። አንቺ "ኧረ ምን በወጣህ" ትያለሽ። ሰጪው ይቆጣል፣ ይምላል፣ እጅሽን ይዞ በግድ ያስጨብጥሻል። ያኔ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ፣ በሁለት እጅሽ ትቀበያለሽ። እኔ ከአገር ከመጣሁ ገና ጥቂት ዓመቴ ነበር፤ ይሄንን ትምህርት በደንብ አድርጌ ነው የመጣሁት።

"ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩ፣ እጄን ወደኋላ አጣምሬ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

ሁለተኛው ዙር መጣ አልኩ በልቤ። "የስ፣ እርግጠኛ ነኝ።"

አባቴም ወጉን ጨመረበት። "ኖ ኖ፣ ማይ ፍሬንድ። ቱ መች። ታንክ ዩ።"

አሁን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ይምላሉ፣ አሁን ጫማውን በግድ ደረቴ ላይ ይለጥፉታል ብዬ አንገቴን ለመስበር ተዘጋጀሁ። ሚስተር ዴል ግን ፈገግ ብለው "ኦኬ፣ ችግር የለም" አሉና በሩን ገጭ አድርገው ዘጉት። ፒካፑ ተነስቶ ጥቂት ቤቶች አለፈና ቆመ። እነ ሐያት በር ላይ።

ሐያት የእትዬ ሩቂያ ልጅ ናት፤ እኩያዬ፣ እዚሁ ቬጋስ የተወለደች። የኋላው በር ሲከፈት አየሁ። ድምጿ እኛ ጋራዥ ድረስ ተሰማ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ የስ! የስ! የስ!"

አባቴና እኔ ተያየን። "ምነው እምቢ አልሽ?" አለኝ።

"አንተስ?"

"እኔማ…" አለና ተወው።

ማታ እናቴ ከሺፍት ስትመለስ ነገርናት። ሶፋው ላይ ተዘርግታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "እናንተዬ! አሜሪካዊ እኮ አንዴ ነው የሚጠይቀው፤ ደግ ከሆነ ሁለቴ! ሽማግሌ እንዲልክባችሁ ነበር የጠበቃችሁት?" እኔ ግን አልሳቅኩም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሐያት ጫማውን አላወለቀችውም። አስፋልቱ እግር በሚጠብስበት ሙቀት፣ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ሰደርያውን በቲሸርት ላይ አድርጋ፣ ገጭ ገጭ እያለች በራችን ላይ ትመላለሳለች። ቅባቱ በፀሐይ ሲግል ሽታው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል።

"ዚ፣ ነይ ውጪ! ባይናኩላሩን ላሳይሽ!" ትለኛለች፤ ዘሃራን እንዲህ ነው የምታሳጥረው። ክፋት የላትም እኮ፤ እሱ ነበር ይበልጥ የሚያናድደኝ። ግን ማሰሪያውን ከአንገቷ አታወልቅም። ማየት ከፈለግሁ ጉንጬን ጉንጯ ላይ ለጥፌ፣ በሷ ማሰሪያ ተጎትቼ ነው። ሁለታችንም በላብ እንጣበቃለን።

"አየሽው? ተራራው ላይ ያለው ነገር ታየሽ?"

"ምንም አይታይም" እላለሁ። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታየኛል እኮ። የድንጋዩ ስንጥቅ ሳይቀር።

ከዚያ የደኅንነት ትምህርቱ መጣ። ልጅ ጠመንጃ ከመያዙ በፊት ኮርስ መውሰድ አለበት፤ ያን ዓመት ኮርሱ በኢንተርኔት ነበር። የነሐያት ኢንተርኔት በወንድሞቿ ጨዋታ ስለሚጨናነቅ እኛ ቤት መጥታ እንድትማር ተወሰነ። ማን ወሰነ? አባቴ።

የመጀመሪያው ቀን ከክፍሌ ስወጣ አባቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቷል። ሸሚዝ ለብሷል። ለኔ ልደት ያልተላጨ ሰው ለሐያት ኮርስ ተላጨ!

"ነይ ተቀመጪ እንጂ፣ አብረሽ ስሚ" አለኝ።

"ዕቃ የለኝም፤ ምን ያደርግልኛል?" አልኩና ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አፈሙዝ ሁልጊዜ ከሰው ይርቃል። ጣት ከቃታው ውጪ ይሆናል። ከዒላማው ወዲያ ምን እንዳለ ሳታይ አትተኩሽ። ሁሉንም ሸመደድኩት። ሐያት ጥያቄ ሲሳሳትባት እኔ ከመሬት መልሱን እጮሃለሁ።

"አንክል፣ ዚ እያታለለች ነው!" ትላለች ሐያት። ማታለል ማለት ለሷ መልስ መንገር ነው።

"ዘሃራ፣ ተያት ራሷ ታስብበት" ይላል አባቴ፤ ወደሷ ዞር ብሎ ደግሞ "አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ።"

ልጄ አላት። የወሎ ሰው የሰውንም ልጅ ልጄ እንደሚል አውቃለሁ። በሌላ ጊዜ ጆሮዬ ላይ እንኳ አይቀርም። ያን ሰሞን ግን እንደ እሾህ ወጋኝ።

ሐያት ኮርሱን አለፈች። በዚያው ሳምንት እናቷ እትዬ ሩቂያ ሳምቡሳ በሳህን ይዘው መጡ። የሐያት አባት ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

"አህመድ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው" አሉ እትዬ ሩቂያ። "የዚች ልጅ አደን ከአዋቂ ጋር ካልሆነ አይቻልም አሉ። አባቷ ያኔ ፍሎሪዳ ነው የሚሆነው። አንተ ደግሞ ነገሩን ታውቃለህ።"

"ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ" አለ አባቴ።

"ኧረ በአላህ!"

"ኧረ ሌላ ሰው ይሻላል፣ እትዬ ሩቂያ።"

"ወላሂ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም! እምቢ ብትለኝ ቅር ነው የሚለኝ!"

"እንግዲህ እንዲህ ካሉማ… እሺ" አለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

አያችሁ? እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት። በትክክለኛው ሰው እጅ ሲሆን ሁሉም ነገር እንደወጉ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ ግን የተሰጠው የኔ አባት ነው።

ሳህኑ ባዶ ሆኖ እትዬ ሩቂያ ሲወጡ አባቴን እጁን ያዝኩት። "እኔስ? እኔና አንቺ ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"መቼ ረሳሁት። ግን ሚስተር ዴል ሕግ አላቸው፤ ብርቱካንማ ሰደርያና ጠንካራ ጫማ የሌለው ልጅ ሜዳ አይገባም። እሾህ አለ፣ እባብ አለ፣ የሚተኩስ ሰው አለ።"

"ልንገዛ አንችልም?"

ፀጉሬን ደባበሰኝ። መልሱ እሱ ነበር። በስኒከርና በሐምራዊ ጃኬት የሚሄድ ልጅ ቤት ይቀራል፤ አባቴ ከሐያት ጋር ይሄዳል።

ነገሩን ራሴ ላስተካክል ብዬ ሚስተር ዴል ቤት ሄድኩ። ደወሉን ደውዬ ወደኋላ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ወጡ። ዘው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ብልግና ነው፤ ስለዚህ ከሰላምታ ጀመርኩ።

"እንዴት ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው? ውሻዎስ ደህና ነው? ጉልበቴን አሞኛል ሲሉ ነበር፣ ተሻለዎት?"

ሁሉንም አንድ በአንድ መለሱልኝ። ውሻው ደህና ነው። ጉልበታቸው ያው ነው።

"ባርኔጣዎ ያምራል" አልኩ። "ሐያትም ባርኔጣዋ ያምራል። ጫማዋም በጣም ያምራል።" ከዚህ በላይ እንዴት ግልጽ ይሁን? የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ሰላም ስለው ገብቶት፣ ዕቃ ቤቱን ይገለብጥ ነበር።

"ደስ ብሎኛል" አሉ ሚስተር ዴል። "የምረዳሽ ነገር ይኖራል?"

አሁን! ምላሴ ግን ሳላዘው "ኖ፣ ምንም" አለ።

"አይስክሬም ትፈልጊያለሽ?"

"ኖ፣ ታንክ ዩ።"

በዚያ ሙቀት ያለ ጫማ፣ ያለ ሰደርያ፣ ያለ አይስክሬም ቤቴ ተመለስኩ። ከመስኮት ሳይ ሐያት ጣራ ላይ ያለች ርግብ በባይናኩላሯ ታያለች።

የልጆቹ የአደን ቀን ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነበር። ዋዜማው ዕለት አባቴ ሐያትን ቤት ጠርቶ የመጨረሻውን ምክር ሰጣት። "ስትተኩሺ ቢስሚላህ በይ። እሱ ካልተባለ ደግሞ በነፍሱ ደርሰን ካላረድነው ልቤ አይቀበለውም፤ አይበላም። ገባሽ?" ሐያት ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እያለች ክፍሉን ትዞራለች። እኔ እራት አልበላሁም። እናቴ ከሺፍት ገብታ በር ላይ እንደቆመች አየችን፤ እነሱን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ያልተነካ ሳህኔን።

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ጣቱ ላይ ብረት ያለው፣ ካርቶን ቢወድቅበት የማይሰማው የመጋዘን ጫማ ነው። ከዚያ ሰደርያዋን አወለቀች፤ መጋዘን ውስጥ መኪና እንዳይገጫቸው የሚለብሱት ብርቱካንማ፣ ነጭ የሚያብረቀርቅ መስመር ያለው። ሁለቱንም እግሬ ሥር አስቀመጠቻቸው።

"ነገ ኦፍ ነኝ" አለች። "ልበሺው።"

"እማ፣ ይሄ እኮ የሥራ ነው" አልኩ።

"ታዲያ አደን ሥራ አይደለም? ሂጂና ካልሲ ፈልጊ።"

አባቴ ሰደርያውን አገላብጦ አየና ሳቅ አለ። "ሚስተር ዴል ብርቱካንማ ነው ያሉት። ከዚህ በላይ ብርቱካንማ ከየት ይመጣል!"

በማግሥቱ ሰማዩ ገርጣ ሲል ከከተማ ወጥተን ሜዳው ደረስን። ሚስተር ዴል አዩኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ። "ፐርፌክት" አሉ። ሐያት ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ "ዚ፣ አንቺ ታበሪያለሽ። ወፎቹ ሁሉ ያዩሻል" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ እንደ መንገድ ምልክት ነው የበራሁት።

ሚስተር ዴል ከውሻቸውና ከሌሎች ልጆች ጋር በአንዱ በኩል ሄዱ። እኛ በደረቁ ወንዝ ወረድን። አባቴ ከፊት፣ ሐያት ጎኑ፣ እኔ ከኋላ። የእናቴ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ለብሼም እግሬ ይዋኛል። አባቴ ቆም ብሎ እጁን አፉ ላይ ገጥሞ ተጣራ። ከቁጥቋጦው መለሱለት። ጎንበስ ብሎ በሐያት ጆሮ አንሾካሾከ፤ ትከሻዋን ያዘ፣ ክርኗን ቀና አደረገላት። ያ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነበር የማየው። ወፎቹን አላየኋቸውም።

በድንገት ሜዳው ተንሰፈሰፈ። መንጋው ተነሳ።

"ኦ ማይ ጋድ!" ብላ ሐያት ተኮሰች።

አንዷ ወፍ አየር ላይ ተገለበጠችና ከማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀች። አባቴ "ማሻአላህ!" ብሎ ዘለለ፤ ከዚያ ቆመ።

"ቢስሚላህ ብለሻል?"

"ረሳሁ!" አለች ሐያት።

"በሉ ሩጡ! በነፍሷ ካልደረስን አትበላም!" አለ አባቴ፣ ጠመንጃውን እየተቀበላት።

ሮጥኩ። እሾሁ ጫማውን ያንኳኳዋል እንጂ አይገባም። ሐያት በዚያ ቡናማ ጫማ ጥሩ አድርጋ ትሮጣለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እሷ ግን ወፏ የወደቀችበትን አላየችም፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የተኮሰችው። ወደ ግራ ሄደች። እኔ ላባ አየሁ፣ ከላባው ወዲያ ሌላ ላባ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር የገባች አመድማ ነገር። እጄን ሰድጄ ያዝኳት። ክንፏ ተሰብሯል። መዳፌ ውስጥ ልቧ ድድድድ ይላል።

"ዚ! አገኘሻት?" ሐያት ከሩቅ ትጮሃለች። "ዚ? አለች?"

ዝም አልኩ። ዝም ብል እኮ ያበቃል። ትንሽ ብቆይ ይሄ ድድድድ ይቆማል፤ የሐያት የመጀመሪያ ወፍ የማትበላ ትሆናለች፤ አባቴም ለማንም አያወራትም። ልቧ ይመታል፣ የኔም ይመታል። አባቴን በቁጥቋጦው መሃል አየሁት። ቢላውን ይዞ፣ ባርኔጣው ወድቆ፣ እንደ ልጅ እየዘለለ ይፈልጋል። ያ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ አልነበረም። ተስፋ እንዳይቆርጥ ፈለግሁ።

"አባ! እዚህ! አለች፣ በነፍሷ ናት!"

እያለከለከ መጣ። ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሐያትም ደረሰች፤ ደሙን ስታይ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጀርባዋን ሰጠችን። አባቴ የቢላውን ስለት በአውራ ጣቱ ሞከረ።

"ቆቅ ካረድኩ ስንት ዘመኔ" አለ ቀስ ብሎ። "ክንፎቿን ያዢልኝ። ጠበቅ፣ ግን አታስጨንቂያት።"

ያዝኩለት። ቢስሚላህ አለ። አብሬው አልኩ።

ማታ እነ እትዬ ሩቂያ እኛ ቤት መጡ። አንዲት ቆቅ ለስንት ሰው ትሆናለች? እናቴ በሽንኩርትና በበርበሬ ሠርታ ለሁሉም ጥፍር የምታህል አደረሰች። አባቴ ስልኩን መሃል ጠረጴዛ ላይ በስፒከር አድርጎ ለዘመድ ሁሉ ደወለ። "ሐያት መታቻት! ባንድ ጥይት!" ደሴ ሰሙ፣ ዳላስ ሰሙ። ባንድ ጥይት። ባንድ ጥይት። እኔ በያዝኳት፣ እኔ ባገኘኋት ወፍ! ድርሻዬን አፌ ውስጥ አዙራለሁ።

በመጨረሻ ለሐያት አባት ደወለ። የጭነት መኪናው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ልጅህ አዳኝ ሆናለች!" አለው አባቴ።

"እውነት ነው? አልሐምዱሊላህ! ወፏንስ አገኛችኋት?"

"እሱን ተወው፣ ጠፍታብን ነበር። በነፍሷ የደረሰችባት የኔዋ ናት። ብታያት! የእናቷን ጫማ አድርጋ እሾሁ መሃል… እኔ እንኳን ያላየሁትን። የኔዋ ባትኖር ባዶ እጃችንን ነበር የምንመጣው።"

የኔዋ። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።

"እንዴት ደስ ይላል" አለ የሐያት አባት ከስልኩ ማዶ። ድምፁ ይቆራረጣል። "እንዴት ደስ… ፎቶ ላኩልኝ እሺ? ሐያቴ? አለሽ? ኔትወርኩ ሊጠፋ…"

ጠፋ። ሐያት ስልኩን አነሳችና ጥቂት ጊዜ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ አስቀመጠችው። ያንን ሁሉ አድርጋ ነው የተቀመጠችው፣ ጫማውን፣ ሰደርያውን፣ ባይናኩላሩን። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደኔ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሙቀቱን ሙሉ እኔ ነበርኩ እንደዚያ ሳያት የከረምኩት።

ሳያት አሳዘነችኝ። ቢሆንም የመጋዘን ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር እየጎተትኩ ወደ አባቴ ጠጋ አልኩ፤ ክንዱን አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁት።